ከፋብሪካ ፍሳሽ መርዛማ ብረቶችን የሚለቅሙት ቅንጣቶች አቃቂንና አዋሽን ይታደጉ ይሆን?

የአዲስ አበባን ደቡባዊ ክፍል አቋርጦ የሚወርደው የአቃቂ ወንዝ በክረምት ደፍርሶ፣ በበጋ ጠቁሮ ይፈስሳል። በዳርቻው የሚበቅሉት ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ግን በጋ ከክረምት ለምለም ናቸው። ገና ጎህ ሲቀድ ተቆርጠው፣ ታስረውና ተጭነው ወደ ከተማዋ ገበያዎች ይጓዛሉ። ለአምራቹ ወንዙ የዓመት ጉሮሮ መዝጊያ ነው፤ ለሸማቹ ደግሞ አረንጓዴው ቅጠል የጤና ምልክት ነው። አደጋው ያለው በሁለቱ መካከል፣ ለዓይን በማይታየው ነገር ውስጥ ነው።

ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የታተሙ ጥናቶች፣ በዚህ ውሃ በሚለሙ ቅጠላማ አትክልቶችና በማሳዎቹ አፈር ውስጥ እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች መኖራቸውን ደጋግመው አሳይተዋል። ምንጩ አንድ አይደለም። የቆዳ ፋብሪካዎች፣ የጨርቃ ጨርቅና የቀለም ማምረቻዎች፣ የብረታ ብረት መለበጫ አውደ ጥናቶች፣ ጋራዦች፣ የአሮጌ ባትሪ መፍቻዎችና የቤት ፍሳሽ ሁሉም ድርሻ አላቸው።

ይህ ችግር የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። ናይሮቢ ስሟን በተጋራችው ወንዝ፣ ሞምባሳ በእርሳስ በተበከለ አንድ መንደሯ፣ ምዕራብ ዩጋንዳ ደግሞ በመዳብ ማዕድን ቅሪት ሳቢያ ተመሳሳይ ጥያቄ ተደቅኖባቸዋል። ኢንዱስትሪ የሚፈልግ፣ ነገር ግን ውሃውን ሊያጣ የማይችል ክፍለ አህጉር ከፍሳሹ ውስጥ መርዙን እንዴት ይለያል?

በዓለም ላይ ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ የፕላስቲክ ቅንጣቶችን መጠቀም ነው። ሬዚን ይባላሉ። ቴክኖሎጂው አዲስ አይደለም፤ ከ80 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ለምሥራቅ አፍሪካ አዲስ የሚሆነው ጥያቄ፣ ይህ መሣሪያ የት ቦታ ቢቀመጥ ይሠራል፣ የት ቦታስ ገንዘብ በልቶ ይቀራል የሚለው ነው።

የማይበሰብስ ቆሻሻ

አብዛኛው የቤትና የምግብ ፋብሪካ ፍሳሽ ጊዜና አየር ካገኘ በተህዋስያን ይበላል። ይሸታል፣ ዓሣ ይገድላል፣ በሽታ ያስተላልፋል፤ በመጨረሻ ግን ይበሰብሳል። ከባድ ብረቶች እንዲህ ያለ መጨረሻ የላቸውም። እርሳስ ከመቶ ዓመት በኋላም እርሳስ ነው። ከውሃ ወደ ደለል፣ ከደለል ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ ተክል፣ ከተክልም ወደ ሰው ይዘዋወራል እንጂ አይጠፋም።

የሚያደርሱት ጉዳትም ድንገተኛ ስላልሆነ ለመዘናጋት ይመቻል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው ማለት ነው። እርሳስ በማደግ ላይ ያለ የሕፃን አንጎልን ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከእርሳስ ጋር ለሚኖር ንክኪ ጉዳት አልባ የሚባል መጠን እንደማይታወቅ ይገልጻል። ካድሚየም በኩላሊት ውስጥ ለዓመታት እየተከማቸ አጥንትን ጭምር ያዳክማል። ስድስት ቫለንት ያለው የክሮሚየም ዓይነት ካንሰር አምጪ መሆኑ ተረጋግጧል። በቆዳ ማልፊያ የሚያገለግለው ሦስት ቫለንት ያለው ክሮሚየም መርዛማነቱ በብዙ የቀነሰ ቢሆንም፣ በአንዳንድ ሁኔታዎች ወደ አደገኛው ዓይነት ሊለወጥ ይችላል።

መጠኑም ለመረዳት የሚከብድ ጥቃቅን ቁጥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያወጣው መመሪያ በአንድ ሊትር ውስጥ ከ10 ማይክሮግራም ያልበለጠ እርሳስ፣ ከ3 ማይክሮግራም ያልበለጠ ካድሚየምና ከ50 ማይክሮግራም ያልበለጠ ክሮሚየም እንዲኖር ይመክራል። አንድ ማይክሮግራም የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ነው።

የአዋሽ ተፋሰስ ደግሞ አንድ የተለየ ባሕርይ አለው። አቃቂ በአባ ሳሙኤል ግድብ አልፎ፣ የሞጆ ወንዝ ደግሞ በቆቃ በኩል አዋሽን ይቀላቀላሉ። አዋሽ ወደ 1 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ በሚገኘው የአቤ ሐይቅ ያበቃል። ወደ ውቅያኖስ የሚያወጣ በር የለውም። ከላይ የተለቀቀ ብረት የሚሄድበት ሌላ ቦታ ስለሌለው፣ በግድቦች ደለል፣ በመስኖ እርሻዎች አፈርና በበረሃው ሐይቅ ውስጥ ይከማቻል። በዚሁ መስመር ላይ የአዳማ ከተማ የመጠጥ ውሃዋን ከአዋሽ አጣርታ ትጠቀማለች፤ የስኳር አገዳና የፍራፍሬ እርሻዎች እንዲሁም የአፋር አርብቶ አደሮችም ኑሯቸው በዚሁ ወንዝ ላይ የተመሠረተ ነው።

ከሙዚቃ ሸክላ የተጀመረው ግኝት

ሬዚን የሚሠራበት መርህ በተፈጥሮ አፈር ውስጥ ያለ ነው። በ1850 ቶምሰንና ዌይ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን፣ የማዳበሪያ ጨው ያለበት ውሃ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ አሞኒያው በአፈሩ ተይዞ በምትኩ ካልሲየም እንደሚለቀቅ አስተዋሉ። አፈሩ እንደ ወንፊት ማጥለል ብቻ ሳይሆን አንዱን በሌላው እየለወጠ ነበር። ይህ ሂደት የአዮን ልውውጥ ይባላል።

በ1935 ደግሞ አዳምስና ሆምስ የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ኬሚስቶች፣ ተሰባብሮ የደቀቀ የሙዚቃ ሸክላ ተመሳሳይ ባሕርይ እንዳለው ተገነዘቡ። ከዚህ ተነሥተው በሰው እጅ የሚሠራ አዮን ለዋጭ ሬዚን አዘጋጁ። በ1940ዎቹ በአሜሪካ የተገኘው ከፖሊስታይሪን ፕላስቲክ የሚሠራው ዓይነት ዛሬም ድረስ የዘርፉ መሠረት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት በውስጡ ቀዳዳ የበዛበት ሲሆን፣ በግድግዳዎቹ ላይ ኤሌክትሪካዊ ሙል ያላቸው የኬሚካል ቡድኖች ተተክለውበታል። እነዚህ ቡድኖች መጀመሪያ እንደ ሶዲየም ያለ ጉዳት የሌለው አዮን ይይዛሉ። ፍሳሹ በቅንጣቶቹ በተሞላ ረጅም በርሜል ውስጥ ሲያልፍ፣ እንደ መዳብ፣ ኒኬል ወይም እርሳስ ያሉ ብረቶች ቦታውን ይይዛሉ፤ ሶዲየሙም ይለቀቃል። የበርሜሉ ቅንጣቶች ሲሞሉ በአሲድ ይታጠባሉ፤ የተያዘው ብረት በትንሽ ፈሳሽ ውስጥ ተጠራቅሞ ይወጣል፤ ሬዚኑም እንደገና ሥራ ይጀምራል።

ሁሉም ሬዚን ግን አንድ አይደለም። ተራው ዓይነት በቤት ውስጥ ደረቅ ውሃን ለማለዘብ የሚያገለግል ሲሆን፣ ካልሲየምና ማግኒዥየምን ከመርዛማው ብረት ብዙም አይለይም። ልዩ ሆነው የሚሠሩት ኪሌት ሬዚኖች ግን ብረቱን እንደ ጉጠት ከሁለትና ከዚያ በላይ በሆነ አቅጣጫ ይነክሳሉ። ካልሲየም በበዛበት ውሃ ውስጥም መዳብንና ኒኬልን መርጠው ይይዛሉ። ድኝ ያለበት ቡድን የተተከለባቸው ደግሞ ሜርኩሪን ማለትም ባዜቃን ለመያዝ ይመረጣሉ። ስድስት ቫለንት ያለው ክሮሚየም በውሃ ውስጥ አሉታዊ ሙል ይዞ ስለሚንቀሳቀስ፣ ተቃራኒውን ዓይነት ሬዚን ይፈልጋል፤ የሚታጠበውም በኮስቲክ ሶዳ ነው። ስለዚህ አንድ ፋብሪካ ሬዚን ከመግዛቱ በፊት በፍሳሹ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ አለበት። ይህ ቀላል የሚመስል ቅድመ ሁኔታ በክፍለ አህጉሩ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ነው።

ቦታው ይወስነዋል

ሬዚን የተለመደውን ዘዴ ይተካል ብሎ ማሰብ የመጀመሪያው ስህተት ነው። የተለመደው ዘዴ ኖራ ወይም ሌላ ቤዝ ጨምሮ ብረቱን እንዲጠጥር ማድረግና በዝቃጭ መልክ ማስወገድ ነው። ርካሽ ነው፤ ብዙውን ብረት ያወጣል። ድክመቱ መጨረሻው ላይ ነው። እያንዳንዱ ብረት በደንብ የሚጠጥርበት የአሲድነት መጠን የተለያየ ስለሆነ፣ ብዙ ዓይነት ብረት በተቀላቀለበት ፍሳሽ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያመልጥ አለ። ሬዚን ጠንካራ የሚሆነው ይህን ያመለጠውን በመልቀም ነው።

ልዩነቱን ቀላል ስሌት ያሳያል። 30 ግራም ብረት መያዝ የሚችል አንድ ሊትር ሬዚን ቢወሰድ፣ በአንድ ሊትር ውስጥ 3 ግራም ክሮሚየም ካለበት የቆዳ ማልፊያ ፍሳሽ 10 ሊትር ብቻ አሳልፎ ይሞላል። ተመሳሳዩ ሬዚን በአንድ ሊትር 1 ሚሊግራም ብረት በቀረበት፣ አስቀድሞ በተጣራ ውሃ ላይ ቢውል ግን በመርህ ደረጃ 30 ሺህ ሊትር ሊያጸዳ ይችላል። በተግባር ሌሎች አዮኖች ቦታ ስለሚሻሙ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ መልእክቱ ግን አይለወጥም። ሬዚን የሂደቱ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም።

ይህ በተለይ ለሞጆ ትርጉም አለው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ከተማ የኢትዮጵያ የቆዳ ኢንዱስትሪ ዋና ማዕከል ናት። በዓለም ላይ አብዛኛው ቆዳ የሚለፋው በክሮም ጨው ነው። በተለመደው አሠራር ቆዳው ከሚጨመረው ክሮም ውስጥ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ይወስዳል፤ የቀረው ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። አንድ ቶን ጥሬ ቆዳ ለማልፋት ከ30 እስከ 40 ሜትር ኪዩብ ውሃ ያስፈልጋል። ፍሳሹ ከክሮም ሌላ ጨው፣ ሰልፋይድ፣ ስብ፣ ፀጉርና ፕሮቲን ያዘለ ነው። ይህን በቀጥታ በሬዚን በርሜል ውስጥ ማሳለፍ፣ የቡና ማጥለያ ላይ ጭቃ እንደ መድፋት ነው። ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ ጨዉም የብረቱን ቦታ ይሻማል።

ስለዚህ ለቆዳ ፋብሪካ የመጀመሪያው መፍትሔ ሬዚን ሳይሆን መለየት ነው። የክሮም ፍሳሽ ከሌላው ሳይቀላቀል ለብቻው ቢሰበሰብ፣ በማግኒዥየም ኦክሳይድ ጠጥሮ፣ በሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ ለሚቀጥለው ዙር ማልፊያ ሊውል ይችላል። ክሮምን ከ90 በመቶ በላይ ወደ ቆዳው የሚያስገቡ የማልፊያ ዘዴዎችም አሉ። እነዚህ ከተተገበሩ በኋላ በመጨረሻ የሚቀረውን ጥቂት ብረት ለማጽዳት ሬዚን ቦታ ሊኖረው ይችላል።

ሬዚን ከመነሻው የሚያዋጣው ፍሳሹ ንጹሕ ሆኖ ብረት ብቻ በሚገኝበት ሥራ ነው። የቧንቧ አፎችን፣ የበር እጀታዎችንና የመኪና ዕቃዎችን በኒኬል፣ በክሮም ወይም በዚንክ የሚለብጡ አውደ ጥናቶች ለዚህ ዋና ምሳሌ ናቸው። የማለቅለቂያው ውሃ ከሬዚን አልፎ ወደ ሥራ ይመለሳል፤ ኒኬሉም እንደገና ወደ መለበጫው ገንዳ ሊገባ ይችላል። እዚህ ላይ የሚድነው ወንዙ ብቻ አይደለም፤ ባለሙያው ራሱ በውጭ ምንዛሪ የገዛውን ኬሚካል ይቆጥባል።

ብረቱ ከውሃው ከወጣ በኋላ የት ይሄዳል?

የሬዚን አቅራቢዎች ብዙ ጊዜ በአጭሩ የሚያልፉት ጥያቄ ይህ ነው። ሬዚን መርዙን አያጠፋም፤ ከብዙ ውሃ ወደ ትንሽ ፈሳሽ ያሰባስበዋል። በርሜሉ በአሲድ ሲታጠብ የሚወጣው ፈሳሽ ከመነሻው ፍሳሽ ይልቅ እጅግ የተጠናከረ መርዝ ነው። ይህ ፈሳሽ በሌሊት ወደ ቦይ ከተደፋ፣ ሥራው ሁሉ ጉዳቱን በአንድ ቦታ አከማችቶ ከመልቀቅ የተለየ አይሆንም። ፈሳሹ ተጠጥሮ፣ ዝቃጩ ለአደገኛ ቆሻሻ ተብሎ በተዘጋጀ፣ ወለሉ በማያሰርግ ሥፍራ መቀበር፣ አለዚያም ብረቱ ተለይቶ መሸጥ አለበት። ስለሆነም የሬዚን መሣሪያ ያለ አደገኛ ቆሻሻ ማስወገጃ ሥፍራ ግማሽ መፍትሔ ነው።

ብረቱ ዋጋ ያለው ሲሆን ነገሩ ይቀላል። ለዚህ ዩጋንዳ ሁለቱንም ገጽታ የያዘ ታሪክ አላት። በርዌንዞሪ ተራሮች ግርጌ፣ በካሴሴ አቅራቢያ የሚገኘው የኪሌምቤ መዳብ ማዕድን ከ1956 እስከ 1982 ሲሠራ የተረፈው ቅሪት በሸለቆው ተከምሮ ቀርቷል። የንያምዋምባ ወንዝ በ2013ና በ2020 ሞልቶ ባጥለቀለቀ ጊዜ ሸለቆውን ክፉኛ ጎድቷል፤ ቅሪቱንም እየሸረሸረ የሚወስደው ይኸው ወንዝ ወደ ጆርጅ ሐይቅ አቅጣጫ የሚፈስስ ነው። በሌላ በኩል፣ ኮባልት ካለበት የቅሪት ክምር አንዱ ክፍል ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በባክቴሪያ እየተብላላ ኮባልቱ ወጥቶ ተሸጧል። በአንድ ወቅት ቆሻሻ የነበረው ገበያው ሲፈቅድ ሀብት ሆኗል።

እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮም ግን እንደ ኮባልት የሚያጓጓ ዋጋ የላቸውም። ገበያው ራሱ እንዲያጸዳቸው አይገፋፋም። ስለዚህ ለእነዚህ ብረቶች ዋጋ የሚያወጣው ሕግ ብቻ ነው፤ መልቀቅ ከማጽዳት የበለጠ የሚያስከፍል ሲሆን ፋብሪካው ያጸዳል።

የሞምባሳ ትምህርት

ሕግ እንዲህ ያለ ዋጋ ሲያወጣ ምን እንደሚመስል፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድም የኬንያዋ ኦዊኖ ኡሁሩ መንደር አሳይታለች። በሞምባሳ በሚገኘው በዚህ የድሆች መንደር አጠገብ በ2007 አሮጌ የመኪና ባትሪዎችን አቅልጦ እርሳስ የሚያወጣ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ጭሱ በቤቶቹ ላይ ያርፍ፣ ፍሳሹም በመንደሩ በኩል ይወርድ ነበር። በፋብሪካው ተቀጥራ ትሠራ የነበረችው ፊሊስ ኦሚዶ ሕፃን ልጇ በእርሳስ መመረዙን ካወቀች በኋላ ነዋሪዎቹን አስተባብራ ትግል ጀመረች። ፋብሪካው በ2014 ተዘጋ፤ እርሷም በ2015 የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት ተሰጣት።

በሐምሌ 2020 በሞምባሳ የተሰየመው የአካባቢና የመሬት ፍርድ ቤት ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሣ እንዲከፈል ወሰነ። ተጠያቂ የተደረገው ኩባንያው ብቻ አልነበረም፤ ሥራውን በቸልታ ያዩት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ጭምር እንጂ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2023 ውሳኔውን ሻረው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2024 መልሶ አጸናው። ከፋብሪካው መከፈት እስከ መጨረሻው ፍርድ 17 ዓመት ሆነ ማለት ነው። በ2007 ሕፃን የነበረ ልጅ ፍርዱ ሲሰጥ ለአቅመ አዳም ደርሷል። የእርሳስ ጉዳት ደግሞ ጊዜ አይጠብቅም።

በኢትዮጵያም ሕጉ በወረቀት ላይ ጠንካራ ነው። በ2002 የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300፣ ማንኛውም ሰው ጉዳቱ በግሉ ደርሶብኛል ማለት ሳያስፈልገው በበካይ ላይ አቤቱታ የማቅረብ፣ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካላገኘም ወደ ፍርድ ቤት የመሄድ መብት ይሰጣል። በ2008 ደግሞ የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የሚያስችል የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 159 ወጥቷል። ይሁን እንጂ አፓፕ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የመብት ተሟጋች ድርጅት በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት ምክንያት በ2006 የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በከሰሰ ጊዜ ክሱ ውድቅ ተደርጓል። ክርክሩ ወንዞቹ ተበክለዋል ወይስ አልተበከሉም በሚለው ላይ ከመሆን ይልቅ፣ ተጠያቂው የትኛው መሥሪያ ቤት ነው በሚለው ላይ ቀረ።

የሁለቱ አገሮች ፍርድ ቤቶች ልዩነት ለፋብሪካ ባለቤቶች የሚያስተላልፈው መልእክት ግልጽ ነው። የመከሰስ ስጋት ያለበት ባለሀብት ማጣሪያ ይገዛል፣ የገዛውንም ያሠራል። ስጋት የሌለበት ደግሞ ማጣሪያውን ለጎብኚ ብቻ ሊያስነሣ ይችላል።

የውጭ ምንዛሪና የትንንሾቹ ጥያቄ

ሬዚን በአብዛኛው ከቻይና፣ ከሕንድ፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚገባ ነው። በጥንቃቄ ከተያዘ ለዓመታት ያገለግላል፤ ነገር ግን ማጠቢያ አሲድ፣ መለዋወጫና የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። ኢትዮጵያ በሐምሌ 2024 የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከለቀቀች ወዲህ የብር ዋጋ ከግማሽ በላይ ወርዷል። ይህ ከውጭ የሚገባን ማንኛውም የማጣሪያ ግብዓት በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ አስወድዶታል።

በአንጻሩ የውጭ ገዢዎች ግፊት ትልልቆቹን ወደፊት ገፍቷል። በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አንድም የፍሳሽ ጠብታ ወደ ሐይቁ እንዳይለቀቅ ታስቦ የተሠራ ማጣሪያ አለው። ሞጆ ላይ በዓለም አቀፍ ድጋፍ የታቀደው የቆዳ ከተማ፣ በኬንያ ማቻኮስ ደግሞ የኬናኒ የቆዳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካዎች አንድ ማጣሪያ የሚጋሩበትን ሐሳብ ይዘው የተነሡ ናቸው። ሐሳቡ ኢኮኖሚያዊ ምክንያት አለው፤ አንድ ፋብሪካ ብቻውን የማይችለውን ኬሚስት፣ ላቦራቶሪና የሬዚን ማጠቢያ አሥሩ ተጋርተው ይችሉታል። ድክመቱም እዚያው ነው። ወጪውን የሚጋሩት ፋብሪካዎች ሲዘጉ ወይም አገር ለቅቀው ሲሄዱ በቀሪዎቹ ላይ ያለው ሸክም ይከብዳል። ኢትዮጵያ በ2022 መጀመሪያ ከአሜሪካ የአጎዋ የንግድ ዕድል ከታገደች ጊዜ አንስቶ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ይህን ፈተና በቅርበት አይተውታል።

የመንግሥት ፖሊሲ ራሱም የራሱ ተቃርኖ አለው። ኢትዮጵያ በ2008 ጥሬና በከፊል ያለቀለት ቆዳ ወደ ውጭ በሚላክበት ጊዜ 150 በመቶ ታክስ ጣለች። ዓላማው የእሴት ጭማሪው በአገር ውስጥ እንዲቀር ነበር። ሆኖም ክሮም ሳይነካቸው ይወጡ የነበሩ ቆዳዎች በአገር ውስጥ ሲለፉ፣ ከእሴቱ ጋር ፍሳሹም በአገር ውስጥ ይቀራል። ጫማውና ቦርሳው ወደ ውጭ ይሄዳሉ፤ ክሮሙ ግን በሞጆ ይቀራል። የፍሳሹ ዋጋ በቆዳው ዋጋ ውስጥ ካልተካተተ፣ ልዩነቱን የሚከፍሉት ከወንዙ በታች ያሉ ሰዎች ናቸው።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስቸግሩት ግን ትንንሾቹ ናቸው። ባትሪ የሚፈታ ወጣት፣ በኪራይ ቤት ጓሮ ኒኬል የሚለብጥ ባለሙያ በየትኛውም ፓርክ ውስጥ የሉም። እነርሱን በቅጣት ማባረር ሥራውን ወደሚቀጥለው ሰፈር ከማዛወር አያልፍም። በሌሎች አገሮች የተሞከረው መንገድ፣ አነስተኛ የሬዚን በርሜሎችን ለአውደ ጥናቶች አከራይቶ ሲሞሉ ሰብስቦ በአንድ ማዕከል ማጠብ ነው። የጋዝ ሲሊንደር እንደሚለወጠው ማለት ነው። ባለ አውደ ጥናቱ አሲድ መንካት አያስፈልገውም፤ መርዛማው ፈሳሽም በመቶ ጓሮዎች ሳይሆን በአንድ ቁጥጥር በሚደረግበት ቦታ ይወጣል። ለአዲስ አበባም ሆነ ለናይሮቢ ከአንድ ግዙፍ ማጣሪያ ይልቅ ይህ ሊቀርብ ይችላል።

ከስምጥ ሸለቆ የተገኘ ልምድ

ክፍለ አህጉሩ ለእንዲህ ያለ ቴክኖሎጂ እንግዳ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ያለውን ፍሎራይድ ለመቀነስ በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ለዓመታት አክቲቬትድ አሉሚና የተባለ ቁስ ሠርቷል። በኬንያ ደግሞ የናኩሩ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ከተቃጠለ የከብት አጥንት የሚዘጋጅ ከሰል ለተመሳሳይ ዓላማ አሰራጭቷል። ፍሎራይድ ከባድ ብረት ባይሆንም አሠራሩ ዘመዳሞች ናቸው፤ ውሃው ብክለቱን በሚይዝ ቁስ ውስጥ ያልፋል፤ ቁሱም አንድ ቀን ይሞላል።

ከእነዚህ ልምዶች የሚወሰደው ዋና ትምህርት፣ ማጣሪያው የሚወድቀው በተተከለበት ቀን ሳይሆን በሞላበት ቀን መሆኑ ነው። የሞላ ማጣሪያ ከውጭ ሲታይ ከሚሠራው አይለይም፤ ውሃውም ያው ጥርት ያለ ነው። መሙላቱን የሚናገረው የላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው። ምርመራ ከሌለ ማጣሪያው ከመጥቀም አልፎ ሐሰተኛ መተማመን ይፈጥራል።

በኢትዮጵያና በኬንያ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ ተመራማሪዎች ከውጭ የሚገባውን ሬዚን ሊያግዙ የሚችሉ የአገር ውስጥ ቁሶችን ሲሞክሩ ቆይተዋል። ከእነዚህም መካከል የተፈጥሮ ዚዮላይት፣ የቡና ገለባ፣ የሽፈራው ፍሬ ይገኙበታል። በላቦራቶሪ ውስጥ ብረት የመያዝ አቅም አሳይተዋል። ይሁንና በንጹሕ ውሃ ላይ ተጨምሮ የተለካ ብረትና ከሞጆ የሚወጣ እውነተኛ ፍሳሽ የተለያዩ ናቸው። እንደ ሬዚን መቶ ጊዜ ታጥበው መልሰው መሥራታቸውም ገና መረጋገጥ ያለበት ነው። ለመጀመሪያ ደረጃ ማጣሪያነት ቢያገለግሉና ውዱ ሬዚን ለመጨረሻው ደረጃ ቢቀመጥ ግን ወጪውን ሊያቀሉ ይችላሉ።

ምን መጠበቅ ይገባል?

አዲስ አበባ በ2019 የወንዞቿን ዳርቻ የማስዋብ ሰፊ ፕሮጀክት ጀምራለች። ናይሮቢም ወንዟን ለማደስ ተነሥታለች። የእግረኛ መንገዶች፣ መናፈሻዎችና ድልድዮች በዓይን የሚታዩ ውጤቶች ናቸው። ክሮሚየምና ካድሚየም ግን በዓይን አይታዩም፤ ያማረ ዳርቻ ያለው ወንዝም ሊመርዝ ይችላል። የእነዚህ ዕቅዶች እውነተኛ መለኪያ ከአበባው ይልቅ ከፋብሪካ ቱቦው አፍ ላይ የሚወሰደው ናሙና ነው።

ስለዚህ ሬዚን ይሠራል ወይ ለሚለው ጥያቄ የኬሚስትሪው መልስ ከተሰጠ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ይሠራል። የቀሩት ጥያቄዎች የአስተዳደር ናቸው። እያንዳንዱ ፋብሪካ በፍሳሹ ውስጥ ያለውን ለክቶ ለሕዝብ የማሳወቅ ግዴታ ይኖርበታል ወይ? አደገኛ ዝቃጭ የሚቀበርበት ሥፍራ ይዘጋጃል ወይ? ለማጣሪያ ግብዓት የውጭ ምንዛሪና የቀረጥ እፎይታ ቅድሚያ ይሰጠዋል ወይ? አነስተኛ አውደ ጥናቶችን የሚያቅፍ አገልግሎትስ ይኖራል ወይ? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከጎደለ፣ እጅግ የተራቀቀው ሬዚንም በበርሜሉ ውስጥ ሞልቶ ይቀመጣል።

እስከዚያው ድረስ በአቃቂ ዳርቻ ያለው አምራች ምርጫ የለውም። ውሃው ያለው ያ ነው፤ መሬቱም ያ ነው። ጎመኑን ባያመርት ልጆቹ ይራባሉ፤ ቢያመርት ደግሞ የራሱንም ልጆች ጨምሮ የከተማዋን ልጆች የሚመግበው ምን እንደሆነ የሚነግረው የለም። ከላይ ያለው ፋብሪካ ፍሳሹን ሲያጸዳ መጀመሪያ የሚጠቀመው ምናልባት ስለ ሬዚን ሰምቶ የማያውቀው ይህ ሰው ነው። ባያጸዳም መጀመሪያ የሚከፍለው እርሱ ነው።